«ያዝ!» «ይዣለሁ እኮ!»

ባጃጇን ይነዳ የነበረው ልጅ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ፍሬን ሲይዙ መብራት አልበራም።» ዙሪያችንን የከበበው ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከኋላ መጥቶ የገጨ ሰው ሌላ ምን ይላል?

ፍራንኮ አካባቢ ነው። ፀሐይ ገብታለች፣ ጨለማው ግን ገና አልበረታም። አዳማ የኖረ ሰው ያችን ሰዓት ያውቃታል። ነፋሱ አቧራውን ሲያነሳው ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ እግረኛውም አንድ መልክ ይይዛል። ከፊቴ ያለው ጋሪ ድንገት ታጠፈ። ፈረሱን እንዳልነካው ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ቀጥ አለች። ወዲያው ከኋላዬ «ጓ!» አለ። ቀጥሎ መስታወት ሲረግፍ ሰማሁ።

የባጃጇ የፊት መስታወት አልቋል። የፊት ጎማዋ ወደ ጎን ተጣሟል። የእኔ የኋላ ፓራውልት ተሰንጥቋል። ልጁ ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ግንባሩ ትንሽ ተጭሯል። ሰው ወዲያው ፈረደ። «ከኋላ የመታ ይከፍላል!» «ርቀት ጠብቅ ሲሉህ የት ነበርክ?» ትራፊክ ሳይጠራ ተስማማን። 6,000 ብር። ግማሹን እዚያው ቆመን በቴሌብር ላከልኝ፣ ግማሹን ለወሩ መጨረሻ ቀጠረኝ። ሁለተኛው ክፍያ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድሞ ገባ። መልእክቱ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ።

እኔ ግን ያን ወሬ ለሳምንታት እንደ ቀልድ አወራሁት። ቡና ላይ፣ ቢሮ፣ እራት ላይ። «መብራት አልበራም አለኝ እኮ!» እያልኩ። የባጃጅ ሹፌር ምክንያት አያጣም እያልኩ።

ሰባቱ ብልሽቶች

መኪናዋ ጎልፍ ጂቲአይ ናት። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2001 ስሪት፣ አራተኛው ትውልድ የሚሏት። ሞተሯ 1.8 ሊትር ነው፣ ቱርቦ አለው፣ 150 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ለማያውቃት ሰው ተራ ጎልፍ ናት፤ ጎሚስታው ሁሉ «ይቺ አሮጊት» ይላታል። ቮልስዋገን በ1976 የመጀመሪያዋን ጂቲአይ ለገበያ ሲያቀርብ ነገሩ ይኸው ነበር። አስቤዛ የምትጭን፣ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ መኪና ውስጥ የጎረምሳ ልብ መግጠም።

ቱርቦው ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። አዳማ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚህ ተነስቶ በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ መውጣት ማለት አየሩ እየሳሳ ሽቅብ መውጣት ነው። ሌላው ሲያቃስት የእኔዋ አየሩን በቱርቦ እየጠቀጠቀች ትወጣለች። በ120 ገደብ ውስጥ ሆኜ ነው የምላችሁ፤ እመኑኝ።

አሮጌ መኪና ግን ከነጣጣዋ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ነገር ተራ ቁጥር ካልተሰጠው አይገባኝም። ስለዚህ ስልኬ ላይ ዝርዝር ያዝኩ። ሰባት ብልሽት። ሁሉም ትንንሽ።

አንደኛው የሹፌር በር መስታወት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉን ስጫን «ቀጭ» አለና መስታወቱ በሩ ውስጥ ሰመጠ። ይህ የዚህ ትውልድ ጎልፍ የታወቀ በሽታ ነው። መስታወቱን የሚይዘው ከፕላስቲክ የተሠራ፣ አውራ ጣት የምታክል ነገር ናት። እሷ ስትሰበር ያ ሁሉ መስታወት ወደ ታች ይሄዳል። አንድ ወር ሙሉ በታጠፈ ካርቶን ደግፌ ነዳሁ። ሁለተኛው፣ በር ሲከፈት የውስጥ መብራት አይበራም። ይህም የታወቀ ነው፤ የበሩ ቁልፍ ውስጥ ያለችው ትንሽ ስዊች ስትሞት መኪናዋ በሯ መከፈቱን አታውቅም። ሦስተኛው የጣሪያው ጨርቅ ነው። የአዳማ ሙቀት ማጣበቂያውን አቅልጦት ጨርቁ እንደ ድንኳን ራሴ ላይ ወርዷል። አራተኛው የበር እጀታው ቀለም መላጥ፣ አምስተኛው ሞተሩ ሞቆ ሳለ ወደ ዜሮ የሚወድቀው የሙቀት ጠቋሚ።

ስድስተኛው የልብ ነበር። ሞተሩ ያስነጥሳል። ነዳጅ ስረግጥ እንደ መሳብ ትልና ትንገጫገጫለች። ኮምፒውተር ያለው ልጅ ጋ ሄድኩ። ገመዱን ሰክቶ ስክሪኑን ያነባል። «ፒ0302፣ ሁለተኛው ሲሊንደር አያቃጥልም። ሌላ ደግሞ ፒ0571 አለ፣ የፍሬን ስዊች ነው፣ ቀላል ነው።» እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ። ሁለተኛው ሲሊንደር ላይ ያለውን ኮይል፣ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን፣ ነቀልኩና ሦስተኛው ላይ ሰካሁት። የሦስተኛውን ሁለተኛው ላይ። ኮዱን አጠፋንና ነዳኋት። ጥፋቱ የካንዴላው ቢሆን ኮዱ እዚያው ሁለተኛው ላይ ይቀር ነበር። ተመልሰን ስናነብ ግን ፒ0303 ሆኗል። ብልሽቱ ኮይሉን ተከትሎ ቦታ ቀየረ። ሌባውን በዱካው ያዝኩት። ሞተር ሳይከፈት፣ ቴስታታ ሳይወርድ፣ አንድ ኮይል ተቀይሮ መኪናዋ እንደ ድመት አንኮራፋች። ያን ቀን ከወንጂ አዳማ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ምንም ጉዳይ አልነበረኝም።

ጋራዥ ውስጥ ሁላችንም ግማሽ ጣሊያን ነን። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ። ለመኪናዋ ኮምፒውተር ግን ጣሊያኖቹ ቃል አልተዉልንም። ለዚያ ሳይሆን አይቀርም ኮድ ሲነበብልን ግማሹን የማንሰማው።

ሰባተኛው ተራ ቁጥር ላይ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ኢፒሲ የሚል ቢጫ መብራት አልፎ አልፎ ይበራል። ቀላል።»

ግድግዳው

ከአደጋው ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ፓራውልቱ በልጁ ገንዘብ ተሠርቷል፣ ቀለምም ተቀብቷል። ያልተስተካከለው የታርጋ መብራቱ ነው፤ ከግጭቱ ወዲህ ጠፍቷል። አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሰው አሉ። ስድሳን አልፈዋል፤ ወሬ አይወዱም። ጋራዣቸው የብሎኬት ግድግዳ አለው። መኪናዋን በኋላዋ ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። ሊመሽ ነው።

የታርጋው መብራት ሽቦ ተበጥሶ ነበር። ቀጠሉት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሁሉንም መብራት ሊያዩ ከኋላ ቆሙ። ፍሬቻ ግራ። ፍሬቻ ቀኝ። ኋላ ማርሽ።

«ፍሬን ያዝ።»

ያዝኩ።

«ያዝ!»

«ይዣለሁ እኮ ጋሼ።»

«ያዝ እንጂ! ምን ሆነሃል?»

«ይዣለሁ!»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ነው። ፔዳሉ ጠንካራ ነው። ፍሬኑ ይይዛል። ፊት ለፊቴ ያለው ሁሉ እንደ ወትሮው ነው፤ የዚህ ትውልድ ጎልፍ ዳሽቦርድ ማታ ሰማያዊ ያበራል፣ ጠቋሚዎቹ ቀይ ናቸው። መኪናዋን ስገዛ ያሸነፈኝ እሱ ነው። ከተቀመጥኩበት ስትታይ ምንም የጎደላት የለም።

«ልቀቅ። ደግመህ ያዝ።»

በስፖኪዮ ግድግዳውን አየሁት። ቀላ።

«ልቀቅ። ያዝ።»

ግድግዳው ግራጫ ሆኖ ቀረ።

«ልቀቅ። ያዝ።» ግራጫ። «ያዝ።» ቀይ። «ያዝ።» ግራጫ። ስንት ጊዜ እንዳደረግነው አላስታውስም። ጋሼ አንድ ጊዜም ድምፃቸውን አልቀየሩም። እኔ ግን አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ እጄ መሪው ላይ ደረቀ። የሰማሁት የሳቸውን ድምፅ አልነበረም። «ጋሼ፣ ፍሬን ሲይዙ መብራት አልበራም» የሚለውን ነው።

«አምፖል ይሆን?» አልኳቸው። ይሁን ብዬ እየለመንኩ።

«ሦስት አምፖል በአንድ ቀን አይሞትም» አሉኝ። ግራ፣ ቀኝና ላይኛው ማለታቸው ነው። ሦስቱም አብረው ከጠፉ ጥፋቱ ከእነሱ በፊት ነው። ዳሽቦርዱ ሥር በጀርባቸው ተኙና የስልካቸውን ባትሪ አበሩ። ከፍሬን ፔዳሉ በላይ የተሰካች፣ ጣት የምታክል ስዊች ናት። አዙረው ነቀሏትና እጄ ላይ ጣሏት።

በካቻቪቴ ፈለቀቅናት። ውስጧ ሁለት መስመር አለ። አንዱ መብራቱን ያበራል፤ ሌላው ለሞተሩ ኮምፒውተር «ሹፌሩ ፍሬን ይዟል» ብሎ ይነግራል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያነጻጽራል። ካልተስማሙ ፒ0571 ብሎ ይጽፋል፣ ቢጫውን ኢፒሲ ያበራል። የመብራቱ መስመር መዳቡ እንዳረረ ቡና ጠቁሯል። አንዴ ይነካል፣ አንዴ አይነካም። ለቦሎ ሳስመረምራት የነካበት ቀን ነበር ማለት ነው።

መኪናዋ ነግራኝ ነበር። በምትችለው ቋንቋ፣ በቢጫ መብራት፣ ለወራት። እኔ «ቀላል» ብዬ ጻፍኩባት።

ሳይቃጠል በቅጠል ሲሉን አድገናል። ግን ምን እንደሚቃጠል ማን ይመርጣል? ያን ምሽት ዝርዝሬን አውጥቼ አየሁት። ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት ሁሉ ከሹፌር ወንበር የሚታዩ፣ የሚሰሙ ወይም የሚነኩ ናቸው። መስታወቱ ነፋስ ያስገባብኛል። ጨርቁ ፀጉሬን ይነካኛል። ሞተሩ ሲያስነጥስ እኔን ያሳፍረኛል። የእጀታ ቀለም እንኳ ከሰባተኛው ቀድሟል፤ የእጀታ ቀለም! ሰባተኛው ላይ ያለው ብቻ ነው የእኔ ያልሆነው። የፍሬን መብራት ለሹፌሩ ምንም አይሠራም። ሙሉ በሙሉ ከኋላ ላለ ሰው የተሠራ ነገር ነው። እኔ ደግሞ አንድ መብራት የጠፋበት ሚኒባስ ሳይ ጡሩንባ የምነፋ ሰው ነኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

በባጃጅ

ስዊቿ አዳማ ስላልተገኘች አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተደወለ። ኮፒ ናት፣ 1,500 ብር፣ በማግስቱ በሚኒባስ መጣች። ያን ማታ መኪናዋን እዚያው ትቼ በባጃጅ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በባጃጅ ስሄድ ኖሬያለሁ። ግን ሁልጊዜ ስልኬን እያየሁ ነው። ያን ማታ ከሹፌሩ ትከሻ በላይ መንገዱን አየሁ። ቀይ ነው። መንገዱ ሁሉ ቀይ ነው። ከፊት ያለው ሲቀላ የሹፌሩ ቀኝ እግር ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ሲጠፋ እግሩ ይመለሳል። ያስባል ለማለት አልችልም፤ እግሩ ራሱ ነው የሚያነበው። አንድ አይሱዙ መብራት ሳያበራ ሲቆም ብቻ ሹፌሩ «ኧረ!» ብሎ መሪውን አጠፈ።

እቤት ሆኜ ማስላት ጀመርኩ፤ ሥራዬ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። መብራት ካለ ልጁ ወዲያው ያውቃል። ከሌለ ግን የኔ መኪና እየተለቀች መምጣቷን ማየት፣ ማመን፣ ከዚያ እግሩን ማንቀሳቀስ አለበት። በዚያ አቧራ፣ በዚያ ሰዓት። አንድ ሰከንድ ዘገየ እንበል። በመሀከላችን 11 ሜትር ነበር? አይመስለኝም። ተጠግቶኝ ነበር። ያንን አልክድም። መብራቱ ቢሠራም ሊገጨኝ ይችል ነበር። ደግሞ ያን ቀን በርቶ ሊሆንም ይችላል። የማወቂያ መንገድ የለኝም።

ይህንን ለአንድ ጓደኛዬ ነገርኩት። «ቦሎ አለህ?» አለኝ። አለ። «ከኋላ የመታው ማን ነው?» እሱ። «በቃ! ምን ያስጨንቅሃል?» ሕጉን በደንብ ያውቃል፤ የተናገረውም ስህተት የለበትም። ባለቤቴ ግን ሳህን እያጠበች፣ ዞር ሳትል፣ «ልጁ ነግሮህ ነበር አይደል?» ብቻ አለችኝ።

የልጁ ስልክ ቁጥር አለኝ። ቴሌብሩ ላይ አለ። ያም ሆኖ አልደወልኩም። ሰኞ ሥራ በዛ አልኩ። ማክሰኞ ስዊቿ ትገጠም አልኩ። ከገጠሙት በኋላ በየማታው ግቢ ውስጥ መኪናዋን ወደ ግድግዳ እያስጠጋሁ ፍሬን እይዝ ነበር። ቀይ። ቀይ። ቀይ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው።

መናኸሪያው ጋ ተሰልፈው የሚጠብቁ የባጃጅ ሹፌሮችን ጠየቅሁ። ስሙን አላውቅም። «መስታወቷ የረገፈው» ስላቸው አወቁት። ባጃጇ የሱ አልነበረችም። ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ እያስገባ ነበር የሚነዳት። ተሠርታ ስትወጣ ሰውየው ለሌላ ሰጣት። «ወደ ወንጂ መውጫው ጎሚስታ ጋ አለ» አሉኝ።

ወንጂ መውጫ

ከሥራ ወጥቼ ስደርስ መሸት ብሏል። ልጁ የላንድክሩዘር ጎማ ከቸርኪዮው ለማላቀቅ ብረቱ ላይ ቆሟል። ከኔ በፊት መኪናዋን ነው ያወቃት። ከላይ ሆኖ አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ወረደ።

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ ስዊቿ፣ ስለ ሁለቱ መስመሮች፣ አንዴ ስለምትነካ አንዴ ስለማትነካ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «ልክ ነበርክ። መብራቱ ችግር ነበረበት» የሚል ነው።

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጣቶቹ ጥቁር ናቸው፤ የጎማ ጥቁረት በጨርቅ አይለቅም።

«ነግሬዎት ነበር» አለ።

በንዴት አልነበረም። እንደሚያውቀው ነገር ነው የተናገረው። ፖስታውን ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ ቆጠረው። 6,000። ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ልክዳችሁ አልችልም። ምናልባት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይለኛል ብዬ።

«የመስታወቱስ?» አለ።

ይህ አንድ ጊዜም ወደ ሐሳቤ አልመጣም። የባጃጇን መስታወትና የጎማውን ሥራ ባለቤቱ ከሱ ላይ ነው የቆረጠው። 4,500 ብር። ሁለት ሳምንት ስንት ግድግዳ ሳቀላ፣ በሰከንድ ስንት ሜትር ብዬ ሳሰላ፣ የኔን ፓራውልት ብቻ ነው ያየሁት። ያለ ሥራ የዋለበትን ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ መስታወቱን ነው። ኪሴ ውስጥ ያን ያህል አልነበረኝም።

«በወሩ መጨረሻ እልክልሃለሁ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀድሞ የማን እንደነበር አስታወስኩ። እሱም አስታውሶ ይሁን አይሁን ፊቱ አይነግርም።

«ችግር የለም ጋሼ።» አዲሱን የስልክ ቁጥሩን አስያዘኝ። ከዚያ አገጩን ወደ መኪናዋ አቀና። «ተሠራ?»

«ተሠርቷል።»

«እስቲ ይያዙ።»

ገብቼ ተቀመጥኩ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ዳሽቦርዱ ሰማያዊ በራ። እሱ ከኋላ ሄዶ ቆመ፤ ፊቱ አይታይም። ፍሬኑን ያዝኩ። ስፖኪዮው ውስጥ ፊቱ ቀልቶ ብቅ አለ፤ ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳም አብራ።

«ይልቀቁ» አለ። ጠፋ።

«ይያዙ።» በራ።

ሰባት ስምንት ጊዜ አስያዘኝ። ከዚያ የመኪናዋን ጀርባ ሁለቴ መታ መታ አደረገና ወደ ጎማው ተመለሰ።